ቤት ግዢው መሀል ላይ ሲቆም፦ ከቀብድ እስከ ስም ዝውውር

ዋጋ ተቆርጧል። ቀብድ ተከፍሏል። ደላላው «በሉ እንኳን ደስ ያላችሁ» ብሎ ስልኩን እየነካካ ሄዷል። በሳምንቱ ክፍለ ከተማ ስትደርሱ መስኮቱ ጋ ያለችው ልጅ ኮምፒውተሩን አየት አድርጋ «ይሄ ፋይል ላይ እገዳ አለ» ትላለች። የማን እገዳ? «እሱን ባለይዞታውን ጠይቁ።» ቀጣይ ባለጉዳይ!

መሀል አዲስ አበባ ቤት ለሚገዛ ሰው ይህ እንግዳ ነገር አይደለም። አራዳ፣ ቂርቆስ፣ ልደታና አዲስ ከተማ ውስጥ ያሉት ቤቶች ብዙዎቹ ዕድሜ ጠገብ ናቸው። ወረቀታቸውም አብሮ አርጅቷል። በ1967 በአዋጅ ቁጥር 47 ትርፍ ቤት ሲወረስ አንዱ ክፍል ለቀበሌ ሄዶ ሌላው ለባለቤቱ የቀረበት ግቢ አለ። አያት ሞተው፣ አባት ሞተው፣ ካርታው ግን ዛሬም በአያት ስም የተቀመጠ ቤት አለ። አጥሩ ከካርታው ሁለት ሜትር የወጣም አለ።

ይህን ሁሉ ጣጣ ሙሉ በሙሉ ማምለጥ አይቻልም። የሚቻለው፣ ነገሩ ሲቆም ብራችሁ የት እንደሚሆን አስቀድሞ መወሰን ነው። ወረቀቱ አንድ እርምጃ ሲራመድ ብሩም አንድ እርምጃ ይራመድ። ቀድሞት እንዳይሄድ።

1ኛ፦ ቀብድ ከመክፈላችሁ በፊት ማህደሩን እዩ

ሻጭ የሚያሳያችሁ ካርታ የተሰጠበትን ቀን ብቻ ነው የሚናገረው። ከዚያ ወዲህ ባንክ አስይዞት ይሆናል። ፍርድ ቤት አግዶት ይሆናል። ካርታው ራሱ መክኖ (ተሰርዞ) ሌላ ወጥቶ ይሆናል። ይህ ሁሉ ያለው የክፍለ ከተማው መሬት ጽሕፈት ቤት ማህደር ውስጥ ነው።

ስለዚህ ሻጭን ይዛችሁ ሂዱ። ለማያውቁት ገዢ መረጃ አይሰጡም፤ ባለይዞታው ወይም ወኪሉ መገኘት አለበት። ሻጭ «ምን አስቸኮላችሁ፣ ቀብዱን ስጡኝና እንሄዳለን» ካለ ነገሩን ያዝ አድርጉት። ንጹሕ ፋይል ያለው ሰው አብሯችሁ ታክሲ ለመሳፈር አያንገራግርም።

እዚያ ስትደርሱ የምትፈልጉት ዋና ነገር ይዞታው ከዕዳና ከእገዳ ነፃ ስለመሆኑ በጽሑፍ የተሰጠ ማረጋገጫ ነው። በቃል «ምንም የለበትም» መባሉ አይበቃም። ቀኑንም እዩት። የዛሬ ስድስት ወር የተጻፈ ማረጋገጫ የዛሬ ስድስት ወሩን ነው የሚያረጋግጠው።

ከዚያ ይዞታው ነባር (ከሊዝ ሥርዓት በፊት የተያዘ) ነው ወይስ የሊዝ? ይህ ለመሀል ከተማ ቤት ትልቅ ጥያቄ ነው። በሊዝ አዋጁ (721/2004) መሠረት ነባር ይዞታ ላይ ያለ ቤት ከውርስ ውጭ ለሌላ ሰው ሲተላለፍ ይዞታው ወደ ሊዝ ይገባል። ገዢው የሊዝ ውል ይፈርማል፣ ክፍያም ይከተለዋል። ብዙ ሰው ይህን የሚሰማው ስም ሊያዛውር ሲሄድ ነው። ያኔ ሂሳቡ ይዛባል፣ ከሻጭ ጋርም ጭቅጭቅ ይጀመራል። አስቀድማችሁ ጠይቁ፤ ማን እንደሚከፍለውም ውሉ ላይ ጻፉ።

ልማቱንም ጠይቁ። የኮሪደር ልማቱ በ2016 ፒያሳን፣ በ2017 ካዛንቺስን እንዴት እንደቀየረ ሁላችንም አይተናል። ቦታው ለመልሶ ማልማት የተከለለ ከሆነ ስም ዝውውሩ ሊቆም ይችላል። የባሰው ደግሞ ካሳና ምትክ የሚሰጠው ለሕጋዊ ባለይዞታው መሆኑ ነው። ብሩን እናንተ ከፍላችሁ ካርታው በሻጭ ስም ካለ፣ ሕጋዊው ባለይዞታ ሻጭ ነው። ስለዚህ ወረዳውን ብቻ ሳይሆን ክፍለ ከተማውንም ጠይቁ፤ የሰፈሩን ሰውም አዋሩ። ቀለም የተቀባ ቁጥር አጥር ላይ ካያችሁ ምን እንደሆነ ሳታጣሩ እንዳትወጡ።

ግቢው ውስጥ የቀበሌ ክፍል ካለ ሻጭ ሊሸጠው አይችልም። «ቁልፉን እሰጣችኋለሁ» የሚለው ነገር የቤት ሽያጭ አይደለም። ኮንዶሚኒየም ከሆነ ደግሞ ሁለት ነገር እዩ፤ በዕጣ የደረሰው ሰው እንዳይሸጥ የተከለከለበት አምስት ዓመት አልፏል ወይ፣ የባንኩስ ብድር ተዘግቷል ወይ።

ተከራይ ካለ የኪራይ ውሉን ጠይቁ። ከ2016ቱ የመኖሪያ ቤት ኪራይ አዋጅ ወዲህ ውሉ ከሁለት ዓመት ማነስ የለበትም። ተከራዩን «ቤቱን ገዝቼዋለሁና ነገ ውጣ» ማለት አይቻልም።

2ኛ፦ ቀብዱን በወግ አድርጉት

አብዛኛው ጣጣ የሚወለደው እዚህ ነው። ረዘም አድርጌ ላውራው።

ልማዱ ይታወቃል። ካፌ ተቀምጦ፣ ደላላው ከቦርሳው ባዶ ውል አውጥቶ፣ ሁለት ምስክር ተጠርቶ ይፈረማል። ከታች «ይህ ውል በፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 1731 እና 2005 መሠረት በሕግ ፊት የጸና ነው» የምትል ዓረፍተ ነገር አለች። የሰፈር ውል ሁሉ ይህችን ዓረፍተ ነገር ይዟል። ሰውም ቁጥር ሲያይ ይረጋጋል። ነገር ግን ይኸው ሕግ በቁጥር 1723 የማይንቀሳቀስ ንብረት ውል በጽሑፍ ሆኖ ፍርድ ቤት ወይም ውል አዋዋይ ፊት መመዝገብ አለበት ይላል። የሚፈለገውን ፎርም ያላሟላ ስምምነት ደግሞ በቁጥር 1720 እንደ ረቂቅ ነው የሚታየው። የካፌው ወረቀት ብር መቀበላቸውን ሊያስረዳ ይችላል። ቤት ግን ላያስገኝላችሁ ይችላል።

ስለዚህ ቀብዱን ትንሽ አድርጉትና ቶሎ ውልና ማስረጃ ሂዱ። ወይም ማህደሩ ንጹሕ ከሆነ ቀብድ የሚባለውን ትታችሁ በቀጥታ ሽያጩን ፈርሙ። እኔ ሁለተኛውን እመርጣለሁ።

ቀብድ ከተከፈለ ሕጉ የሚለውን እወቁ። በቁጥር 1885 መሠረት ሌላ ስምምነት ከሌለ፣ ቀብድ ሰጪ ውሉን ከተወ ቀብዱ ይቀርበታል። ተቀባይ ከተወ አጠፌታውን ይመልሳል። ጥሩ ይመስላል አይደል? አንድ ቀዳዳ አለው። አሥር ሚሊዮን ብር የተባለ ቤት ላይ 100,000 ብር ቀብድ ከፈላችሁ እንበል። በወሩ ሌላ ገዢ አንድ ሚሊዮን ጨምሮ ቢመጣ ሻጭ 200,000 መልሶላችሁ (ግማሹ የራሳችሁ ብር ነው) 900,000 አትርፎ ይሄዳል። ያውም በሕግ። በሐምሌ 2016 የብር ምንዛሪ ለገበያ ሲለቀቅ ቃሉን የበላ ሻጭ ጥቂት አልነበረም።

ሕጉ «ሌላ ስምምነት ከሌለ» ስለሚል ሌላ ስምምነት አድርጉ። ተዋዋዮቹ ቀብድ በመተው ወይም በማጠፍ ብቻ ከውሉ መውጣት እንደማይችሉ ጻፉ። ከዚያ ገደብ አስገቡ፤ ውሉን ያላከበረ ወገን የሚከፍለውን ካሳ ቁርጥ አድርጋችሁ በብር አስቀምጡ። ሕጉ በቁጥር 1889 ይፈቅዳል። ገደቡ ሻጭን የሚቆረቁር ይሁን እንጂ ለወጉ ያህል አይጻፍ።

ስለ መዘግየት ደግሞ እንዲህ ያለ አንቀጽ ይኑር፦

«ሻጭ ይህን ቤት ከማንኛውም ዕዳና እገዳ ነፃ አድርጎ እስከ ____ ቀን ____ ዓ.ም. ድረስ ስም ለማዛወር ዝግጁ ያደርጋል። በዚህ ቀን ካልተሟላ ገዢ የከፈለውን ገንዘብ በሙሉ ተቀብሎ ከውሉ መውጣት ወይም ጊዜውን በጽሑፍ ማራዘም ይችላል። መዘግየቱ የመጣው ከመንግሥት መሥሪያ ቤት ከሆነና ሻጭ ማመልከቱን በማስረጃ ካሳየ ጊዜው በ____ ቀን ይራዘማል።»

የመጨረሻዋን ዓረፍተ ነገር አትናቋት። መሬት ጽሕፈት ቤት አገልግሎት ሲቆም ሻጭን ጥፋተኛ ማድረግ ፍትሕም አይደለም፣ ፍርድ ቤትም ላይቀበላችሁ ይችላል። መዘግየቱን በሁለት ከፍላችሁ ስትጽፉት ግን ማን ምን እንዳጎደለ ግልጽ ይሆናል።

ክፍያውን ከፋፍሉት። ሻጮች ውልና ማስረጃ ላይ ሲፈረም ሙሉውን ይፈልጋሉ። ልማዱ ነው። እናንተ ግን ስም እስኪዛወር የሚቆይ ድርሻ አስቀሩ። አሥር በመቶ ካልተስማሙ አምስት። ይህ ቀሪ ገንዘብ ሻጭ ስልክ እንዲያነሳ የሚያደርግ ብቸኛው ነገር ነው። የተከፈለው ሁሉ በባንክ ወይም በሲፒኦ (ባንክ ዋስትና በሰጠበት ቼክ) ይሁን፤ የዝውውሩ ምክንያት ላይ «ለቤት ግዢ» ብላችሁ አስጽፉ።

ሌላ የተለመደ ነገር አለ። ግብርና ቀረጥ ለመቀነስ ውሉ ላይ ዋጋ አሳንሶ ማስጻፍ። «ሁሉም እንደዚያ ነው የሚያደርገው» ይሏችኋል። ውሉ ቢፈርስ ከፍርድ ቤት የምትጠይቁት ውሉ ላይ ያለውን ቁጥር ነው። አሥር ሚሊዮን ከፍላችሁ ሦስት ሚሊዮን ብላችሁ ከፈረማችሁ የሰባቱ ሚሊዮን ነገር ለእግዚአብሔር የተተወ ነው። ሕገ ወጥም ነው።

3ኛ፦ ውልና ማስረጃ ላይ እንዳትመለሱ

በሕዝቡ አፍ ውልና ማስረጃ የምንለው የሰነዶች ማረጋገጫና ምዝገባ ነው። እዚህ ሰው የሚመለሰው በትንንሽ ነገር ነው። ካርታው ላይ «ገ/ማርያም»፣ መታወቂያው ላይ «ገብረማርያም»። የመታወቂያ ቀን ያለፈበት። ያገባ ሆኖ የትዳር ጓደኛ ያላመጣ። ያላገባ ሆኖ ያላገባ ወረቀት ያልያዘ። ፋይዳችሁን፣ የታደሰ መታወቂያ፣ የካርታውን ዋናና ቅጂ፣ የግብር ደረሰኝ ያዙ። ከመሄዳችሁ በፊት ሻጭም እንዲሁ መያዙን በዓይናችሁ እዩ። የስም ልዩነት ካለ አስቀድሞ ወረዳ ሄዶ ሁለቱም የአንድ ሰው ስም መሆኑን የሚያስረዳ ማስረጃ ማውጣት የሻጭ ሥራ ነው።

በወኪል የሚሸጥ ከሆነ ውክልናውን ቃል በቃል አንብቡ። ጠቅላላ ውክልና ቤት ለመሸጥ አይበቃም። ሕጉ ልዩ ውክልና ይፈልጋል። ወካዩ በሕይወት መኖሩንም አረጋግጡ፤ ወካይ ሲሞት ውክልናው አብሮ ይወድቃል። ውክልናው እንዳልተሻረ እዚያው ማጣራት ይቻላል። ኮንዶሚኒየም ላይ «ለጊዜው በውክልና ያዘው፣ አምስት ዓመት ሲሞላ ስሙን እናዞራለን» የሚባለው ነገር እንቅልፍ የሚነሳው ለዚህ ነው።

4ኛ፦ ሲቆም፣ የት እንደቆመ በወረቀት እወቁ

«ቆሟል» መልስ አይደለም። «ሲስተም የለም»፣ «ባለሙያው መስክ ወጥቷል»፣ «ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው» የሚባሉት የአንድ ቀን ምክንያቶች ናቸው። ከሁለት ሳምንት በላይ ከቆመ ግን ከጀርባው ሌላ ነገር አለ። የሚበዙት እነዚህ ናቸው።

ውርስ። በመሀል ከተማ የመጀመሪያው ነው። ባለካርታው ሞተዋል፤ ልጆቹ ሊሸጡ ይፈልጋሉ። የወራሽነት ማረጋገጫ ከፍርድ ቤት አውጥተው መጀመሪያ ስሙን ወደ ራሳቸው ማዞር አለባቸው። እስከዚህ ቀላል ነው። ችግሩ አምስት ወራሽ ሲሆኑ፣ አራቱ ተስማምተው አንዷ ዋሽንግተን ስትሆን ነው። እሷ ኤምባሲ ሄዳ ውክልና መስጠት አለባት። ውክልናው እዚህ ሲደርስ ውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ይረጋገጣል፣ ከዚያ ውልና ማስረጃ ይመዘገባል። በመሀሉ እህትና ወንድም በድርሻ ይኳረፋሉ። አካለ መጠን ያልደረሰ ወራሽ ካለ ሞግዚቱ ድርሻውን ለመሸጥ የፍርድ ቤት ፈቃድ ይፈልጋል።

ምክሬ አጭር ነው። የወራሾቹ ስም ካርታው ላይ ሳይገባ ትልቅ ብር አትክፈሉ። «ታላቅ ወንድማችን ሁሉን ያውቃል፣ ለእሱ ስጡት» ቢሏችሁም። ከወራሾቹ አንዱ ካልፈረመ የእሱን ድርሻ አልገዛችሁም። ቤተሰቡ ከተኳረፈ ደግሞ ጠበቃ ከመላክ በፊት ሰፈሩ የሚያከብራቸውን ሽማግሌ ፈልጉ። «እትዬ፣ እኔ በመሀላችሁ አልገባም፤ ብቻ ብሬ ቆሞ ነው» ብላችሁ ለታላቂቱ እህት በአክብሮት መንገር አንዳንዴ ከክስ ይፈጥናል።

ትዳር። ቤቱ በባል ስም ብቻ ቢሆንም የጋራ ሀብት ሊሆን ይችላል። በተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ (213/1992) ቁጥር 68 የጋራ የሆነ የማይንቀሳቀስ ንብረት ያለ ሁለቱ ስምምነት አይሸጥም። ያልተስማማው ወገን ካወቀ በስድስት ወር፣ ቢዘገይ ሽያጩ በተደረገ በሁለት ዓመት ውስጥ ፍርድ ቤት ሄዶ ሊያስፈርሰው ይችላል። «ተፋተናል» ካሉ የፍቺ ውሳኔውን ብቻ ሳይሆን የንብረት ክፍፍሉንም ጠይቁ።

ባንክ። ከሁሉም የተሻለው መዘግየት ይህ ነው፤ መውጫው ይታወቃል። ሻጭ ባንኩ የቀረውን ዕዳ የሚገልጽ ደብዳቤ እንዲያወጣ አድርጉ። ከዋጋው ላይ ያንን ያህል በቀጥታ ለባንኩ በሲፒኦ ክፈሉ እንጂ ለሻጭ አትስጡ። ባንኩ የእገዳ ማንሻ ደብዳቤ ይጽፋል። ደብዳቤውን ተከታትላችሁ መሬት ጽሕፈት ቤት መግባቱን አረጋግጡ።

የፍርድ ቤት እገዳ። ይህ ሰው ያስደነግጣል። ግን መጀመሪያ ወረቀቱን እዩት። ማህደሩ ውስጥ አንድ ገጽ ደብዳቤ ነው። ከላይ የፍርድ ቤቱ ምድብና የችሎቱ ስም፣ ቀጥሎ ቀንና የመዝገብ ቁጥር። መሀሉ ላይ «… በሽያጭ፣ በስጦታ ወይም በሌላ በማናቸውም መንገድ ለሦስተኛ ወገን እንዳይተላለፍ ታግዶ እንዲቆይ» ይላል። ከታች ማኅተም። ከዚህ ሁሉ እናንተ የምትፈልጉት የመዝገብ ቁጥሯን ነው። ጻፏት። ሻጭ በዚያ ቁጥር ፍርድ ቤቱ መዝገብ ቤት ሄዶ ጉዳዩ የት እንደደረሰ ያጣራል።

ብዙ ጊዜ የሚገኘው ነገር ያስገርማል። ክርክሩ ከዓመታት በፊት አልቋል፤ እገዳውን የሚያነሳ ደብዳቤ ግን ማንም አላመጣም። እንዲህ ከሆነ ሻጭ በዚያው መዝገብ ላይ እገዳው እንዲነሳ ያመለክታል፣ ትዕዛዙን ይዞ ይመጣል፣ ነገሩ ያልቃል። ክርክሩ ገና ያልተዘጋ ከሆነ ግን አንድ ጥያቄ ብቻ ነው ያለው። ክርክሩ ስለ ባለቤትነት ነው ወይስ ስለ ገንዘብ? የገንዘብ ከሆነ እንደ ባንኩ ዕዳ ከዋጋው ላይ ተከፍሎ ሊዘጋ ይችላል። የባለቤትነት ከሆነ ቀብዳችሁን ይዛችሁ ውጡ። የሌላ ሰው ክርክር እስኪያልቅ ቤት መጠበቅ ዕድሜ መጨረስ ነው።

የካሬ ልዩነት። ካርታው 175፣ መሬት ላይ 190። ልኬት ይደረጋል፣ ጎረቤት ይጠራል፣ ትርፉ በሕግ ካልተያዘ ላይካተት ይችላል። የምትከፍሉት ለካርታው ካሬ ብቻ ይሁን።

5ኛ፦ ቢሮ ላይ የሚሰራው ወረቀት ነው

በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል። ማመልከቻ ስታስገቡ ሁለት ቅጂ አድርጉ። አንዱ ላይ የገቢ ቁጥርና ቀን አስመቱ። ያቺ ቁጥር ሳትኖር «መቼ አመለከታችሁ?» ሲባል መልስ የላችሁም።

ሰነድ ጎደለ ከተባላችሁ የጎደለውን ሁሉ በአንዴ እንዲነግሯችሁ ጠይቁ። በትህትና። «ወንድሜ፣ ስመላለስ እንዳላስቸግራችሁ የሚፈለገውን በሙሉ ጻፍልኝ።» ይህ ከጩኸት ይበልጣል። ሠራተኛውም ሰው ነው፤ ፊቱ ላይ የተደረደረውን ማህደር አይታችኋል።

ካልሆነ ወደ ላይ ውጡ። ከባለሙያው ወደ ቡድን መሪው፣ ከዚያ ወደ ጽሕፈት ቤት ኃላፊው፣ ከዚያ ወደ ቅሬታ ሰሚ። እያንዳንዱን ደረጃ በጽሑፍ እለፉ። ምላሽ የሚነፍግ የአስተዳደር በደል ከሆነ እንባ ጠባቂ ተቋም አለ። ኃላፊውን ዘልሎ ከንቲባ ጽሕፈት ቤት መሮጥ ግን «ከሥር ጨርሰህ ና» ተብሎ መመለስን ነው የሚያተርፈው።

በሩ ላይ «እኔ አስጨርስላችኋለሁ» የሚል ጉዳይ አስፈጻሚ አይጠፋም። ማህደሩ ላይ እውነተኛ እንከን ካለ ብር አያነሳውም። ብር ያነሳው እንከን ደግሞ በኋላ ኦዲት ሲመጣ ካርታውን ያመክነዋል። ያኔ የሚከሰሰው እሱ አይደለም።

አገልግሎቱ በከተማ ደረጃ ከቆመ፣ ይህም የሚሆንበት ጊዜ አለ፣ መጠበቅ ብቻ ነው። ያኔ የምትሠሩት አንድ ሥራ አለ። ከሻጭ ጋር ውሉን ማራዘማችሁን በጽሑፍ ተፈራረሙ።

6ኛ፦ ሻጭ ሲያፈገፍግ

ምልክቱ ስልክ ነው። መጀመሪያ «ሰሞኑን ቤተሰብ ታሞብኝ ነው»። ከዚያ «ባለቤቴ አልተስማማችም»። ከዚያ ስልኩ አይነሳም። በመጨረሻ ደላላው ደውሎ «ትንሽ ጨመር አድርጉላቸው» ይላል።

አትጨምሩ፤ አትሳደቡም። የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ስጡ። በፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 1772 መሠረት ሌላው ወገን ውሉን አልፈጸመም ብሎ መብት ለመጠየቅ ማስጠንቀቂያ መቅደም አለበት። ውስጡ የውሉ ቀን፣ ያልተፈጸመው ግዴታና ለመፈጸሚያ የሚሰጠው በቂ ጊዜ ይኑር። ሻጭ መቀበሉን የሚያሳይ ፊርማ ወይም የፖስታ ማስረጃ ያዙ። የቴሌግራም መልእክቶቹንም አትሰርዙ።

ካልመለሰ ጠበቃ ያዙ። እዚህ ላይ ቆጣቢነት አያዋጣም። ፈቃድ ያለው፣ የማይንቀሳቀስ ንብረት ጉዳይ የሚያውቅ ይሁን። አብራችሁ የምትወስኑት ምን እንደምትጠይቁ ነው፤ ቤቱን ወይስ ገንዘቡን ከገደቡ ጋር? ቤቱን ከፈለጋችሁ ክሱ ሲገባ በዚያው ቀን የእግድ ማመልከቻ ይግባ። ያለበለዚያ እናንተ ቀጠሮ ስትጠብቁ ቤቱ ለሌላ ሰው ይዞራል። ክሱን ስታስገቡ የዳኝነት ክፍያ በክሱ መጠን ልክ ይከፈላል፤ እሱንም በሂሳባችሁ ያዙት።

ክርክሩ እስከ 10 ሚሊዮን ብር ከሆነ የፌዴራል የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት፣ ከዚያ በላይ ከሆነ ልደታ ያለው ከፍተኛ ፍርድ ቤት ያየዋል። የቀን መቁጠሪያውን አትርሱ። ፍርድ ቤቶች ከነሐሴ እስከ መስከረም ለክረምት ዕረፍት ይዘጋሉ፤ አስቸኳይ ጉዳይ ብቻ በተረኛ ችሎት ይታያል። ሐምሌ መጨረሻ ላይ «ትንሽ ልጠብቀው» ያለ ሰው እስከ ጥቅምት ጠበቀ ማለት ነው።

ችሎት ከተገባ በኋላም ዕርቅ ይቻላል። በ2013ቱ የፌዴራል ፍርድ ቤቶች አዋጅ (1234/2013) ፍርድ ቤቱ ውስጥ ራሱ የማስማማት አሠራር አለ። ሻጭ ገንዘብ ብቻ ፈልጎ ካፈገፈገ እዚያ ብዙ ጊዜ ይገራል።

7ኛ፦ መቆየት ወይስ መውጣት

ለራሳችሁ ቀን ቁረጡ። ለባለቤታችሁም ንገሯት ወይም ንገሩት፤ ቤት ውስጥ አንድ ሰው ያንን ቀን እንዲያስታውስ።

እንከኑ ስሙ የታወቀ፣ የሚያነሳው መሥሪያ ቤት የታወቀ፣ ሻጭም የሚሮጥ ከሆነ ቆዩ። ሻጭ የማይሮጥ ከሆነ፣ ወይም የእንከኑ ምንጭ በየሳምንቱ የሚቀያየር ከሆነ ውጡ። ከባንክ ብድር ለምትገዙ ደግሞ የብድር ፈቃዱ የሚያበቃበት ቀን አለ። ባንካችሁን ቀድማችሁ ጠይቁና ማራዘሚያውን በደብዳቤ ውሰዱ።

ስትወጡ በቃል አትውጡ። ውሉ የቀረበት ስምምነት ተጽፎ፣ ገንዘቡ በባንክ ተመልሶ፣ ከዚያ ፈርሙ። ፈርሞ መጠበቅ አይሆንም።

8ኛ፦ ቁልፍ ተቀብላችሁ እንዳትተኙ

ውልና ማስረጃ የተፈረመ ውል ቤቱን ገና የእናንተ አላደረገውም። በፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 1185 የማይንቀሳቀስ ንብረት ባለቤትነት የሚተላለፈው በመዝገብ ላይ ሲጻፍ ነው። ሽያጩም በመዝገብ እስኪገባ ሦስተኛ ወገንን አያስገድድም (2878)። በመሀል ሻጭ ቢሞት ወራሾች ይመጣሉ። አበዳሪው ቢከስ ቤቱ በስሙ ስላለ ይታገዳል። ቀለም ከመቀባታችሁ፣ ወጥ ቤት ከማፍረሳችሁ በፊት ስሙን ጨርሱ።

ለስም ዝውውሩ የተለመደው ከቤቱ ግምት ላይ 4% አሹራ (የስም ማዛወሪያ ክፍያ) እና 2% የቴምብር ቀረጥ ነው። ግምቱ የመሥሪያ ቤቱ እንጂ የእናንተ ውል ዋጋ ብቻ አይደለም። የሻጭ የግብር ዕዳ፣ የጣሪያና ግድግዳ ግብር፣ የቦታ ኪራይ ውዝፍ ካለ፣ ተከፍሎ ክሊራንስ (ዕዳ የለበትም የሚል ማስረጃ) ሳይወጣ ዝውውሩ አይሄድም። ያ የሻጭ ነው፤ ያስቀራችሁት ድርሻ ለዚህ ይጠቅማል።

አዲሱ ካርታ ሲሰጣችሁ መስኮቱ ላይ ቆማችሁ አንብቡት። የስማችሁ ፊደል፣ የአባትና የአያት ስም፣ የቤት ቁጥር፣ ካሬው፣ አዋሳኙ። ስህተት ካለ እዚያው ንገሯቸው፤ ነገ ከመጣችሁ የእርማት ማመልከቻ ትጽፋላችሁ። ትክክል ከሆነ የሻጭን ቀሪ ገንዘብ ልቀቁ፣ ደረሰኙን ተቀበሉ፣ ከዚያ የመብራቱንና የውሃውን ቆጣሪ ስም ለማዞር ቅጂውን ይዛችሁ ሂዱ።